ከአደጋው በኋላ መሐል ከተማው ለማን ተሠራ? የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ታሪክ ለእኛ

የብር ኢዮቤልዩውን መጽሔት የሚያዘጋጀው ኮሚቴ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናበረክት ሲጠይቀን፣ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ከእኛ የተሻለ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ስላሉ ያንን ለእነርሱ ትተናል። እኛ የመረጥነው ከዚህ አገር እጅግ ርቆ የተፈጸመ፣ ነገር ግን በሰው አገር ተከራይቶ የሚኖርና የሚነግድ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው። ይኸውም በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የቻይናውያን ሰፈር ከመሐል ከተማ ሳይነቀል የቀረበት ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ጎርፍ፣ እሳትና የመሬት መንቀጥቀጥ ግድግዳ ብቻ አያፈርሱም። ከአደጋው በፊት «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ቢነሡልን» ሲባል የኖረ ነገር ካለ፣ አደጋው የደረሰ ዕለት ያ አሳብ ከመሳቢያ ይወጣል። መሬቱ ባዶ ሆኗል፤ ነዋሪው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ባለሥልጣኑም ቤት የሚሠራ ባለሀብት ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ገንቢውን የሚጠራው ማን ነው? ቤቱስ የሚሠራው ለማን ነው? የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚያስደንቅ ሁኔታ መለሱት። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ሰፈሩ ከአደጋው በፊት

ቻይናውያን ወደ ካሊፎርኒያ በብዛት የመጡት በ1849 ገደማ ወርቅ ተገኘ ሲባል ነው። በኋላም አህጉሩን የሚያቋርጠውን የባቡር ሐዲድ በመሥራት፣ በእርሻ፣ በልብስ እጥበትና በንግድ ተሰማርተዋል። ሥራ በጠፋ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሁሉ በእነርሱ ላይ ተለጠፈ። በ1882 የአሜሪካ ምክር ቤት የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የአሜሪካ ዜግነት ማግኘትም ተከለከሉ። ይህ ሕግ እስከ 1943 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

በ1900 በተደረገው ቆጠራ በከተማዋ ወደ 14,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ይኖሩ ነበር። አብዛኞቹ የሰፈሩት በዱፖንት ጎዳና ዙሪያ ነው። ቦታው ከወደቡም፣ ከባንኮቹም፣ ከትልልቆቹ መደብሮችም በእግር የሚደረስ፣ ለነጋዴ የሚመች መሐል ከተማ ነው። ነገር ግን ከጥቂቶች በስተቀር ቻይናውያኑ ተከራዮች እንጂ ባለ መሬት አልነበሩም። መሬቱም ሕንፃውም የነጮች ነበር።

በ1900 በሰፈሩ የወረርሽኝ በሽታ ታየ ተብሎ ሰፈሩ በገመድና በፖሊስ ተከቦ ነበር። በክበቡ ውስጥ የነበሩ የነጮች ሱቆችና ቤቶች ግን እንዲዘለሉ ተደርጓል። ከመንቀጥቀጡ በፊት በነበሩት ዓመታትም ቻይናውያኑን ከመሐል ከተማ አንሥቶ ሀንተርስ ፖይንት ወደሚባለው፣ በስተደቡብ ምሥራቅ በባሕር ዳር ወደሚገኝ ራቅ ያለ ቦታ የማዛወር አሳብ በይፋ ይነገር ነበር። እንግዲህ ዕቅዱ ከአደጋው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ምክንያት ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 10 ቀን 1898 ዓ.ም.

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 10 ቀን 1898፣ በእነርሱ ኤፕሪል 18 ቀን 1906፣ ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ከተማዋ ተናወጠች። የመንቀጥቀጡ መጠን 7.9 ገደማ እንደነበር ባለሙያዎች ይገምታሉ። ከመናወጡ ይልቅ የከፋው ቀጥሎ የተነሣው እሳት ነበር። የውኃ ቧንቧዎቹ ስለተሰበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ አጡ። እሳቱ ለቀናት ነደደ። ወደ 28,000 የሚጠጉ ሕንፃዎች ወደሙ፤ ከከተማዋ 400,000 ያህል ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤት አልባ ሆኑ። የሟቾቹ ቁጥር ለብዙ ጊዜ በጥቂት መቶዎች ሲነገር ቢቆይም ዛሬ የሚገመተው 3,000 ገደማ ነው።

የቻይናውያኑ ሰፈር ከነሱቁ፣ ከነመጋዘኑ፣ ከነቤተ ጸሎቱ አመድ ሆነ። ሰዎቹም ገሚሶቹ በጀልባ ተሻግረው ወደ ኦክላንድ ሄዱ፤ የቀሩት በከተማዋ መጠለያዎች ገቡ። ይሁን እንጂ አንድ ቦታ እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውም። በአቅራቢያው ያሉ ነዋሪዎች ቅሬታ ባሰሙ ቁጥር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። በመጨረሻም ፕሬሲዲዮ በሚባለው የጦር ሠራዊት ግቢ፣ ነፋሻ በሆነው ጥግ እንዲቀመጡ ተደረገ። እነርሱ በዚያ ሳሉ የተቃጠለው ሰፈራቸው በወታደሮችና በተራ ሰዎች ተዘረፈ። ከአመድ ውስጥ የተረፈ ሸክላና ነሐስ በከረጢት ተጭኖ ሄደ።

«ይነሡ» ያሉና «እንመለሳለን» ያሉ

እሳቱ ከጠፋ ገና ብዙ ቀን ሳይቆይ የከተማዋ መሪዎች ስለ ቻይናውያኑ መዛወር የሚመክር ኮሚቴ አቋቋሙ። ከመሪዎቹ መካከል የቀድሞው ከንቲባ ጄምስ ፌላንና በከተማዋ ፖለቲካ ውስጥ ትልቅ ሥልጣን የነበረው አብርሃም ሩፍ ይገኙበታል። ሁለቱ በሌላ ነገር የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ፤ ቻይናውያኑን ሀንተርስ ፖይንት በመውሰድ ላይ ግን ተስማሙ።

ታዲያ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው፣ ቤቱ የተቃጠለ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሕዝብ እንዴት አሸነፈ? እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ሦስት ነገሮች ጎልተው ታይተውናል።

አንደኛው መንግሥታቸው ነው። የቻይና መንግሥት መልክተኞች ወደ ካሊፎርኒያው ገዥ ወደ ጆርጅ ፓርዲ ቀርበው፣ ቆንስላው የነበረበት ቦታ የቻይና መንግሥት ንብረት መሆኑንና እዚያው መልሰው እንደሚሠሩ አስታወቁ። ቆንስላው በመሐል ከተማ ከቀረ ሕዝቡም በዙሪያው ይቀራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ንግድ ነው። የእስያ ንግድ ለሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ትልቅ ገቢ ነበር። ነጋዴዎቹ ከሰፈራችን ከተነቀልን ወደ ኦክላንድ፣ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ እንሄዳለን፤ ቀረጡና ግብሩም ከእኛ ጋር ይሄዳል የሚለውን አሰሙ። ወደቧን ለማደስ ገንዘብ የቸገራት ከተማ ይህን ችላ ልትል አልቻለችም። እኛ ሱቅ ያለን ሰዎች ይህ ይገባናል። ደንበኛ ከሄደ በኋላ የሚመለስበት ጊዜ አይታወቅም።

ሦስተኛው፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው፣ የአከራዮቹ ስሌት ነው። ነጮቹ ባለ መሬቶች ቻይናውያኑን ወደዷቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን ቻይናውያኑ ሌላ ቦታ ቤት ስለማይከራይላቸው ከሌላው ተከራይ የበለጠ ኪራይ ይከፍሉ ነበር። ባዶ የቆመ መሬት ኪራይ አያስገባም። ስለዚህ የከተማው ኮሚቴ ገና ሲመክር ባለ መሬቶቹ ከቀድሞ ተከራዮቻቸው ጋር የኪራይ ውል ይዋዋሉ፣ ፍርስራሹንም ያስጠርጉ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ የማዛወሩ ዕቅድ ፈረሰ።

ገንቢውን የጠራው ማን ነው?

እዚህ ላይ ሉክ ቲን ኢላይ የሚባለውን ነጋዴ ማንሣት ይገባል። ይህ ሰው በካሊፎርኒያ በሜንዶሲኖ የተወለደ ነው። በ1884፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ቻይና ቆይቶ ሲመለስ ወደ ተወለደበት አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ በአሜሪካ የተወለደ በመሆኑ ዜጋ ነው ተብሎ ተፈረደለት። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ከተማዋ ስትቃጠል ይኸው ሰው የሲንግ ቾንግ መደብር ሥራ አስኪያጅ ነበር።

ሉክና ጓደኞቹ የተረዱት ነገር ይህ ነው። የቀድሞውን ዓይነት ቤት መልሰን ብንሠራ ነገ ሌላ ሰበብ ተፈልጎ ያነሡናል፤ ከተማዋ ራሷ «ይህማ የእኔ ጌጥ ነው» የምትለው ሰፈር ብንሠራ ግን ማንም አይነካንም። ስለሆነም የከተማው አስተዳደር ባለሀብት እስኪጠራ ሳይጠብቁ፣ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ነጭ የሕንፃ ባለሙያዎችን ጠሩ። ሮስና በርግረን የተባሉት ባለሙያዎች የሲንግ ቾንግንና የሲንግ ፋትን መደብሮች በዱፖንት ጎዳናና በካሊፎርኒያ ጎዳና መገናኛ ላይ ሠሩ። ሮስ ቻይናን አይቶ አያውቅም። የሕንፃው አካል እንደማንኛውም የከተማዋ ሕንፃ ነው፤ አናቱ ላይ ግን ወደ ላይ የታጠፈ ጣሪያና የቻይና ግንብ የመሰለ ማማ ተደረገበት። ሌሎች ባለ ሱቆችና የአገር ልጆች ማኅበራትም ይህንኑ ተከተሉ። ዱፖንት ጎዳናም ስሙ ተለውጦ ግራንት አቬኑ ተባለ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን በቋንቋቸው በድሮው ስም መጥራታቸውን አልተዉም።

በ1907 ሉክ ቲን ኢላይ ከሌሎች ጋር ሆኖ ካንቶን ባንክ የተባለውን ባንክ አቋቋመ። ይህም በአሜሪካ የመጀመሪያው የቻይናውያን ባንክ እንደሆነ ይነገርለታል። ሌላ ባንክ በሩን ለሚዘጋበት ሰው የራስ ባንክ ማለት ምን እንደሆነ ዕቁብ ገብቶ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል።

ሱቁ ዳነ፤ መኝታውስ?

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ደስ ያሰኛል። ብዙዎችም ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኛ ግን ነጋዴ ብንሆንም ማታ የምንተኛ ሰዎች ነንና ቀጥለን መጠየቅ ይኖርብናል። ሰፈሩ በተሠራ ጊዜ ሰዉ የት አደረ?

ከታች ሱቅ፣ ከላይ ጠባብ ክፍል፤ የአዲሱ ሰፈር አሠራር ይህ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት በሕግ የተከለከለ ወንደላጤ በመሆኑ፣ ገንቢዎቹ የሠሩት ማእድ ቤትና መታጠቢያ በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የአንድ ሰው ክፍሎች ነው። ይህ ለባለ ሕንፃው ያዋጣ ነበር። በአንድ ፎቅ ብዙ በር፣ በብዙ በር ብዙ ኪራይ።

ይሁንና ሁኔታው ተለወጠ። በእሳቱ የከተማዋ የልደት መዝገብ በመቃጠሉ ብዙ ቻይናውያን እዚያው እንደተወለዱ በመግለጽ ዜግነት አገኙ። በዚህም ልጆቻቸውን፣ አንዳንዶቹም ልጄ ነው ያሉትን ሰው፣ ማስመጣት ቻሉ። መንግሥትም ከ1910 እስከ 1940 በኤንጀል ደሴት የሚመጡትን እያስቀመጠ ጥብቅ ምርመራ ያደርግባቸው ነበር። እንዲህም ሆኖ ቤተሰቡ በዛ፤ ክፍሉ ግን ያው ለአንድ ወንድ የተሠራው ክፍል ነው። ከሰፈሩ ውጭ ደግሞ ቤት ለቻይናዊ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚያግዱ ውሎች ነበሩ። ፍርድ ቤቶች እነዚህን ውሎች ማስፈጸም ያቆሙት በ1948 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጎብኚው ማማውን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ከማማው በታች ወላጆችና ልጆች በአንድ ክፍል ይተኙ ነበር።

ለሰፈሩ ቤተሰቦች ተብሎ የታቀደ የመጀመሪያው የመንግሥት መኖሪያ፣ ፒንግ ዩን፣ የተመረቀው በ1951 ነው። 234 ቤቶች ነበሩት። መንቀጥቀጡ ከደረሰ 45 ዓመት አልፎ ነበር። ድንኳን ውስጥ የነበረ ሕፃን የልጅ ልጅ ለማየት ደርሷል ማለት ነው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በሰፈሩ ዳርቻ የነበረው ኢንተርናሽናል ሆቴል አረጋውያን ፊሊፒናውያንና ቻይናውያን የሚኖሩበት ርካሽ ማደሪያ ነበር። ባለ ንብረቶቹ ቦታውን ለሌላ ግንባታ ስለፈለጉት ነዋሪዎቹ ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን 1977 ሌሊት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሩን ከበው ሲቃወሙ፣ በፖሊስ ኃይል ወጡ። ሕንፃው ፈርሶ ቦታው ለብዙ ዓመታት ባዶ ቆመ። በ2005 እዚያው ላይ 104 ቤቶች ያሉት የአረጋውያን መኖሪያ ተከፈተ። ከተባረሩት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ይህን ሳያዩ አልፈዋል።

መንግሥት ገንቢ ሲጠራ

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ያህል በቅርብ ዘመን የሆነውን የኒው ዚላንድን ክራይስትቸርች እንመልከት። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 በደረሰው መንቀጥቀጥ 185 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኛው መሐል ከተማም ፈረሰ። እዚያ ነገሩን በእጁ ያስገባው መንግሥት ነው። በ2012 ዕቅድ አውጥቶ በመሐል ከተማው ምሥራቅ በኩል ያለውን መሬት ከባለቤቶቹ ገዝቶ አጸዳ፤ ከዚያም ቤት ገንቢዎችን ጠራ። አርአያ የሚሆን ሰፈር ለመሥራት በዓለም አቀፍ ውድድር አሸናፊ ቢመረጥም ያ ሳይሠራ ቀረ። በ2015 ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር ወደ 900 የሚደርሱ ቤቶች እንዲሠሩ ውል ተፈረመ። ሥራው ግን በዝግታ ሄደ። ከተማው 20,000 ሰው በመሐሉ እንዲኖር ግብ አስቀምጦ ከብዙ ዓመታት በኋላም እዚያ ለመድረስ ይጣጣር ነበር።

በሳን ፍራንሲስኮ ሰዎቹ ቀድመው ገብተው ሱቁ ዳነ፤ መኖሪያው ዘገየ። በክራይስትቸርች ዕቅዱ መልካም ነበር፤ ሰዎቹ ግን መሬቱ እስኪጸዳ፣ ገንቢው እስኪመጣ ሌላ ቦታ ኑሮ መሥርተው ነበር። ከሁለቱም የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ገንቢ ሲጠራ የቀድሞው ነዋሪ በስብሰባው ላይ ከሌለ፣ ቤቱ ሲያልቅ በቤቱም ውስጥ አይኖርም።

ወደ እኛ ስንመለስ

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2006 የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን መውሰዱን ማንም አይረሳውም። እዚህ ናይሮቢም በ2024 ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ የጣለው ዝናብ በመላ ኬንያ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከኢስሊ ጎን ያለው የማታሬ ወንዝ ቤቶችን ጠርጎ ሄደ። ከዚያም መንግሥት ከወንዝ ዳር በ30 ሜትር ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲነሡ አዘዘ፤ ቤቶች በግሬደር ፈረሱ፤ ለተነሺ ቤተሰቦችም 10,000 ሽልንግ ለመቋቋሚያ እንደሚሰጥ ተነገረ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ለተመጣጣኝ ዋጋ ቤቶች ግንባታ ከሠራተኛው ደመወዝ 1.5 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል ይሰበሰብ ጀመር። እንግዲህ ገንቢዎች እየተጠሩ ነው። ጥያቄው ያው የድሮው ጥያቄ ነው።

ኢስሊን የምናውቅ ሁሉ ደግሞ ሌላም ነገር እናውቃለን። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሶማሊያ ስደተኞች ያርፉበት የነበረው ጋሪሳ ሎጅ ክፍሎቹ ወደ ሱቅነት ተለውጠው የሰፈሩ የመጀመሪያው የገበያ ማዕከል ሆነ። ያ የጥረት ታሪክ ነው፤ ለብዙዎቻችንም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን አልጋ የነበረበት ቦታ መደርደሪያ ሆነ ማለትም ነው። ሱቅ ሁልጊዜ ከመኝታ ቤት የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ገበያው ብቻ ከወሰነ መኝታው ይገፋል።

እኛ በዚህ አገር እንግዶች ነን። በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት ሊይዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያንም ባለ መሬት አልነበሩም። ያዳናቸው የኪራይ ውላቸው፣ ኅብረታቸውና ቀድመው መንቀሳቀሳቸው ነው። ከእኛ መካከል ለሱቁ «ጉድዊል» ከፍሎ የተፈረመ ወረቀት የሌለው፣ ኪራይ በእጅ እየሰጠ ደረሰኝ የማይቀበል ስንቱ ነው? ሕንፃው ነገ ቢፈርስ «እዚህ ነበርኩ» የሚልበት ማስረጃ የለውም።

ስለሆነም በዚህ ኢዮቤልዩ ለማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የአባላት የቤትና የሱቅ የኪራይ ውል፣ የንግድ ፈቃድና የመኖሪያ ወረቀት ቅጂ ማኅበሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ የሳን ፍራንሲስኮ መዝገብ በአንድ ቀን ነው የተቃጠለው። ሁለተኛ፣ ዕድራችን ሲሞት የሚቀብር ብቻ ሳይሆን ቤት ሲፈርስም የሚያቆም ይሁን፤ ለዚህ የተለየ ሣጥን ይከፈት። ሦስተኛ፣ በምንኖርበት ሰፈር ስለ ግንባታ ስብሰባ ሲጠራ ከእኛ ሰው ይሂድ። ሲሄድም ስለ ሱቅ ብቻ አይናገር፤ ልጆች ስለሚያድጉበት ክፍል፣ አረጋውያን ስለሚወጡት ደረጃ፣ ስለ ኪራዩም መጠን ይጠይቅ።

ቻይናውያኑ ሰፈራቸውን ያዳኑት በነጋዴዎቻቸው ብልሃት ነው፤ ይህን ስናነብ እኛም ኮርተናል። ነገር ግን ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ሱቁ ፊት ነበር። እኛ ተራ ሲደርሰን ከሱቁ ፊትም ከፎቁ ላይም እኩል እንድናስብ ፈጣሪ ያስችለን። እንኳን ለብር ኢዮቤልዩ በዓላችን አደረሳችሁ፤ አደረሰን።